ለኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ሲመረጥ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ ኮሌጆች የንጽጽር መመሪያ

የኮሌጁ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ተደጋጋሚ ሽንፈት ሲገጥመው ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ አሠልጣኝ መለወጥ ነው። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የስፖርት ኮሚቴው ማንን እንደሚቀጥር ከመነጋገሩ በፊት ቡድኑ በምን ምክንያት እንደሚሸነፍ ካላጣራ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስለዚያው ቡድን ያንኑ ስብሰባ መቀመጡ አይቀርም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጀታቸው ውስን፣ ሜዳቸው ጣሪያ የሌለው ኮንክሪት፣ ተጫዋቾቻቸውም ልምምድን ከላብራቶሪና ከፈተና ጋር ለሚያስኬዱ የደሴና የኮምቦልቻ ኮሌጆች ነው። በተግባር የሚገኙት አማራጮች አራት ናቸው፦ በኮሌጁ የሚያስተምር የሰውነት ማጎልመሻ ወይም የስፖርት ሳይንስ መምህር፣ የወንዶቹን ቡድን የያዘው አሠልጣኝ በተደራቢነት፣ በአካባቢው የምትኖር የቀድሞ ተጫዋች፣ ወይም ከአዲስ አበባና ከሌላ ከተማ የሚመጣ ስም ያለው አሠልጣኝ።

የጨዋታ መዝገቡን አስቀድሞ ማንበብ

ከጨዋታ በኋላ ዳኞች የሚፈርሙበት መዝገብ፣ በተለምዶ ስኮር ሺት የምንለው፣ በአብዛኛው ፋይል ውስጥ ገብቶ የሚረሳ ወረቀት ነው። ያለፈው ዓመት ቅጂዎች ከተገኙ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቢመለከታቸው፣ ከየትኛውም የማመልከቻ ደብዳቤ የበለጠ ይነግሩታል። በተጫዋቾቹ ስም ትይዩ የምትገኘው ትንሽ የኤክስ ምልክት ተጫዋቿ ሜዳ መግባቷን ታሳያለች፤ ምልክቷ በክብ ከተከበበች ደግሞ ተጫዋቿ ጨዋታውን ከጀመሩት አምስቱ አንዷ ነበረች። ከተመዘገቡት 12 ተጫዋቾች መካከል ምልክት ያላቸው ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ከሆኑ ቡድኑ ተቀያሪ አላዘጋጀም፣ ወይም አሠልጣኙ ተቀያሪዎቹን አያምናቸውም ማለት ነው።

ቀጥሎ የየሩቡ ነጥብ ይታያል። ባለ 10 ደቂቃዎቹ አራት ሩቦች በአንድ ላይ ሲነበቡ፣ እስከ እረፍት ተቀራርቦ ቆይቶ በሦስተኛው ሩብ የሚሰፋ ልዩነት የአካል ብቃትና የቅያሪ ችግርን ያመለክታል፤ ከመጀመሪያው ሩብ ጀምሮ የሚሰፋው ልዩነት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመሠረታዊ ችሎታ ማነስ ነው፤ ቡድኑ ኳሱን በ8 ሰከንድ ውስጥ ከራሱ ሜዳ አውጥቶ ወደ ተጋጣሚው ማሻገር አቅቶታል። እስከ እረፍት ሦስት ሦስት ፋውል የተቆጠረባቸው ተጫዋቾች ከበዙ፣ ልጆቹ በእግራቸው ሳይሆን በእጃቸው እየተከላከሉ ነው። በአንድ ሩብ ከአራት የቡድን ፋውል በላይ ሲሆን ተጋጣሚው በየፋውሉ ሁለት ነጻ ውርወራ ስለሚያገኝ፣ የብዙ ጨዋታዎች ልዩነት የሚፈጠረው እዚሁ ላይ ነው።

የእረፍት ጥያቄ ሣጥኖችም አይዘለሉ። አንድ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት ታይም አውት የመጠየቅ መብት አለው፤ ሳይጠየቅ የቀረው ሣጥን በሁለት አግድም መስመሮች ይዘጋል። ቡድኑ በ15 ነጥብ እየተመራ የሁለተኛው አጋማሽ ሣጥኖች ሁሉ በመስመር ተዘግተው ከተገኙ፣ ጉድለቱ ከተጫዋቾቹ ይልቅ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አሠልጣኝ ነበር።

መዝገቡ የማያሳየው አንድ ነገር የተጫዋቾች መፍለስ ነው። በጥቅምት ተመዝግበው በግንቦት የሌሉ ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ ይቆጠር፤ ያቋረጡትም ለምን እንዳቋረጡ ይጠየቁ። ምክንያቱ የልምምድ ሰዓት ከላብራቶሪ ጋር መጋጨቱ፣ የዶርም መዝጊያ ሰዓት፣ የቤተሰብ ተቃውሞ ወይም የአሠልጣኙ አንደበት ሊሆን ይችላል። እነዚህ አራቱ በአንድ ዓይነት አሠልጣኝ አይፈቱም።

አራቱ አማራጮች

የኮሌጁ መምህር ትልቁ ጥቅሙ እዚያው መኖሩ ነው። የትምህርት መርሐ ግብሩን ያውቃል፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ያውቃል፣ የፈተና ሳምንት መቼ እንደሚገባ ሳይነገረው ልምምዱን ያቀላል። የቤት ኪራይም ሆነ የትራንስፖርት አበል አይጠይቅም። ይሁን እንጂ በስፖርት ሳይንስ መመረቅ በራሱ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ መሆን አይደለም፤ ልዩ ጥናቱ አትሌቲክስ ወይም እግር ኳስ የሆነ መምህር ስለ ማሟሟቂያና ስለ አካል ብቃት ብዙ ሊያውቅ፣ ስለ ዞን መከላከል፣ ማለትም እያንዳንዷ ተጫዋች አንዲት ተጋጣሚን ሳይሆን የሜዳውን አንድ ክፍል ስለምትጠብቅበት ስልት፣ ግን ጥቂት ሊያውቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበት የማስተማር ጫናው በጽሑፍ ይቀነስለታል ወይ የሚለው ነው። ሳይቀነስለት ከተመደበ በኅዳር መምጣቱ ይዘገያል፤ በጥር ደግሞ «ራሳችሁ አሟሙቁ» የሚል መልእክት ብቻ ይልካል። መምህሩ ለተጫዋቾቹ ውጤት የሚሰጥ ከሆነም ዲኑ ለዚያ ኮርስ ሌላ መምህር ሊመድብ ይገባል፤ ተማሪ ከቡድኑ ብወጣ ማርኬ ይነካል የሚል ስጋት ሊኖርባት አይገባም።

የወንዶቹን አሠልጣኝ በተደራቢነት መመደብ በወጪ ረገድ ርካሹ፣ በእኔ ግምት ደግሞ ደካማው ምርጫ ነው። የሰውየው ብቃት ላይ ጥያቄ ሳይነሳ እንኳ ሜዳው አንድ፣ ምሽቱም አንድ ስለሆነ ሴቶቹ የሚያገኙት የተረፈውን ነው፦ ወንዶቹ ጨርሰው ሲወጡ የቀረውን ግማሽ ሰዓት፣ የተላጠውን ኳስ፣ በውድድር ቀን ደግሞ ዓይኑ ቀጣዩ የወንዶች ጨዋታ ላይ ያለ አሠልጣኝ። ይህን አማራጭ መውሰድ ግድ ከሆነ የልምምድ ቀናቱ በቀን ተለይተው ይመደቡ፤ ለሴቶቹ ቡድንም የመወሰን ሥልጣን ያላት ምክትል ትኑር።

የቀድሞ ተጫዋች ስትገኝ ኮሚቴዎች የሚያሳዩት ማመንታት ብዙ ጊዜ ከብቃት ጋር የተያያዘ አይደለም። ለወንድ አመልካች የማይቀርበው «ልጅ ብትወልጂስ?» የሚለው ጥያቄ ለእርሷ ይቀርባል፤ ይህ ጥያቄ ከቃለ መጠይቁ መውጣት አለበት። ተገቢው ጥያቄ ማስተማር ትችላለች ወይ የሚል ነው፤ በደንብ የተጫወተ ሁሉ በደንብ አያስተምርምና። ጥንካሬዋ ግን በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ልጆቹ የሕመም፣ የወር አበባና የቤት ችግራቸውን ሳይሸማቀቁ ይነግሯታል፤ ወላጆችም ልጃቸውን ወደ ጉዞ ለመላክ ይደፍራሉ። ዕድሜዋ ከተጫዋቾቹ የሚቀራረብ ከሆነ ሥልጣኗ ከመጀመሪያው ቀን ግልጽ መሆን ስላለበት፣ «ረዳት» ተብላ ሳይሆን ዋና አሠልጣኝ ተብላ ትመደብ፤ የአሠልጣኝነት ኮርስ ካልወሰደችም ኮሌጁ ወጪዋን ችሎ በመጀመሪያው ዓመት ያስተምራት።

ከሌላ ከተማ የሚመጣው አሠልጣኝ የተደራጀ የአጨዋወት ሥርዓት፣ የወዳጅነት ጨዋታ ለማግኘት የሚረዳ ትውውቅና በዳኞችም በተጫዋቾችም ዘንድ ክብር ይዞ ይመጣል። በአራተኛው ሩብ በጥቂት ነጥብ ለሚሸነፍ ቡድን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኳስ ከግማሽ ሜዳ ማሻገር ላቃተው ቡድን ግን አምስት ዓይነት የማጥቂያ ስልት ሰሌዳ ላይ መሣሉ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ስለዚህ «በየሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ» የሚል ቃል ሲሰጥ ሰዓቱን ማስላት ይበጃል። በሳምንት አራት ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚያሠለጥን ሰው በ12 ሳምንት 72 ሰዓት ሜዳ ላይ ይገኛል፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚመጣው 36፣ መንገድ ወይም ሌላ ጉዳይ ሲያስቀረው ደግሞ ከዚያ በታች። ለተዳከመ ቡድን የአሠልጣኝ ዋናው መለኪያ ሜዳ ላይ የሚያሳልፈው ሰዓት ነው፤ ዋንጫውና ስሙ ከዚያ በኋላ ይመዘናሉ።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ስለሚመላለስ አሠልጣኝም ይኸው ስሌት ይሠራል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አጭር ይመስላል፤ ነገር ግን ልምምዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲያልቅ የሐረጎን ዳገት በጨለማና በጉም መውጣት በየቀኑ የሚቻል አይደለም። እንዲህ ያለ አመልካች ከተመረጠ ልምምዱ ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ወይም ቀደም ብሎ በ10 ሰዓት እንዲጀመር አስቀድሞ መስማማት ይገባል።

የሴቶች ቡድን ስለሆነ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አመልካቹ የትኛውም ቢሆን፣ ከሴቶች ጋር የሠራና ያልሠራ አሠልጣኝ የሚለይባቸው ጥያቄዎች አሉ። ቀላሉ የኳሱ ነው። ሴቶች የሚጫወቱት በቁጥር 6 ኳስ ሲሆን፣ ይህ ወንዶች ከሚጫወቱበት ቁጥር 7 በዙሪያው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ክብደቱም ይቀልላል። ግምጃ ቤት ያለው ቁጥር 7 ብቻ ስለሆነ ዓመቱን በእርሱ ሲለማመድ የቆየ ቡድን ውድድር ላይ ውርወራው ከቀለበቱ ቢያልፍ የሚያስገርም አይደለም። ግምጃ ቤቱን ሲጎበኝ ኳሱን አንስቶ ቁጥሩን የሚያነብ አመልካች ሥራውን ያውቃል።

የጉልበት ጉዳት ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። ቅርጫት ኳስን በመሳሰሉ ዝላይና ፈጣን ዙረት ባለባቸው ስፖርቶች ሴቶች በጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስ የሚገጥማቸው ከወንዶች ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ማንም ሳይነካቸው፣ ከዝላይ ሲያርፉ ወይም ሮጠው በድንገት ሲዞሩ ነው። ትክክለኛ አስተራረፍን፣ ሚዛንንና የጭን ጥንካሬን የሚያሠለጥን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ዘወትር ከተሠራ አደጋውን በጉልህ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። በኮንክሪት ሜዳ፣ በተለይ የበልግ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን በሚያርስባቸው ሳምንታት፣ ይህ ማሟሟቂያ ሊታለፍ የሚችል አይደለም። አመልካቹ «ማሟሟቂያህ ምንድን ነው?» ሲባል «ሜዳውን አምስት ዙር አስሮጣለሁ» ብቻ ካለ፣ መልሱ በቂ አይደለም።

በወሎ ቡድን ውስጥ ሂጃብ የምታደርግም፣ ሁዳዴ የምትጾምም፣ ረመዳን የምትጾምም ተጫዋች በአንድ አሰላለፍ ትገኛለች። የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ የራስ መሸፈኛን ፈቅዷል፤ መሸፈኛው የቡድኑ ተጫዋቾች ያደረጉት ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም መሆን፣ ፊትን አለመሸፈንና ተንጠልጣይ ነገር የሌለው መሆን አለበት። ይህን የማያውቅ አሠልጣኝ በውድድር ቀን ከዳኛ ጋር ሲከራከር ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ ጥሩ ተጫዋቹን ሲያጣ ይገኛል። በጾም ወራት ከባዱን ልምምድ መቼ እንደሚያደርግም ይጠየቅ። ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ የሚያደርግ ከሆነ የዶርም መዝጊያ ሰዓት ከተማሪዎች አገልግሎት ጋር መስተካከል አለበት፤ ቀን የሚያደርግ ከሆነ ሩጫውን ቀንሶ ውርወራና አሰላለፍ ላይ ማተኮር ይኖርበታል። ዓመቱን ሙሉ አንድ መርሐ ግብር ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን አላሰበበትም።

ሜዳዎቹ ያሉበት ከፍታም የልምምድ ዕቅዱን ይነካል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጥቶ የሚጫወት ቡድን ቅያሪውን ማፍጠን አለበት።

የመጨረሻው ጥያቄ የጥበቃ ነው። ከከተማ ውጭ በሚደረግ ጉዞ ሴት ሠራተኛ አብራ ትሄዳለች፤ አሠልጣኙ ከአንዲት ተጫዋች ጋር በተዘጋ ክፍል አይገናኝም፤ ከልምምድ ጋር የተያያዘ መልእክት በቡድኑ የጋራ ቴሌግራም ብቻ ይላካል፤ ቅሬታ የምትቀበል፣ ከስፖርት ክፍሉ ውጭ ያለች አንዲት ሰው ስሟ ለተጫዋቾቹ ይነገራል። እነዚህን ሕጎች ሲሰማ ቅር የሚለው አመልካች፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከዝርዝሩ ቢወጣ ኮሌጁ አይጎዳም።

የሙከራ ልምምድ

ቃለ መጠይቅ የሚለካው በአብዛኛው አነጋገርን ነው። ስለዚህ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት እጩዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ከቡድኑ ጋር ይሥሩ። ሁሉም በተመሳሳይ ሁኔታ ይፈተኑ፦ እነዚያው 12 ተጫዋቾች፣ ያው ሰዓት፣ አራት ኳስና አንድ ደህና ቀለበት። ለአንዱ ስምንት ኳስ ለሌላው አራት ሰጥቶ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ኮሌጁ ያለውን ብቻ መስጠት ነው፣ የሚሠራበትም በእርሱ ነውና።

ኮሚቴው ዳር ተቀምጦ የሚቆጥረው ስንት ልጆች ቆመው እንደሚጠብቁ ነው። ልምድ የሌለው እጩ 12ቱን በአንድ መስመር አሰልፎ ሌይ አፕ (ወደ ቀለበቱ ተራምዶ በመዝለል በአንድ እጅ ከቅርብ የሚደረግ ውርወራ) ሲያስጀምር አንዷ ስትሞክር 11ዱ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ አንዲት ልጅ ኳስ የምትነካው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የተሻለው በሦስት ይከፍላቸዋል፦ አራቱ በሁለት ኳስ ፓስ ይለዋወጣሉ፣ አራቱ ያለ ኳስ ዝቅ ብለው የመከላከል እግር ሥራ ይሠራሉ፣ አራቱ በቀሩት ሁለት ኳሶች ቀለበቱ ሥር ያጠቃሉ፤ በየአራት ደቂቃው ይቀያየራሉ።

ከዚያ በኋላ ዓይን የሚጣለው ደካማዋ ተጫዋች ላይ ነው። በግራ እጇ ሌይ አፕ ደጋግማ የሳተችን ልጅ አንዱ እጩ «በግራሽ አልኩሽ!» እያለ ይጮህባታል፤ ልጅቷም ከሦስተኛው በኋላ ተራዋን ለሌላ እየለቀቀች ወደ ኋላ ትሸሻለች። ሌላዋ እጩ ከሰልፉ አውጥታ ከቀለበቱ ሁለት እርምጃ ላይ ታቆማትና «አብሽሪ፣ ኳሱን ተይው፤ መጀመሪያ እግርሽን ብቻ አሳዪኝ» ትላታለች። ግራ፣ ቀኝ ረግጣ በቀኝ እግሯ መነሳት ስትለምድ ኳሱን ትሰጣታለች፤ ቦርዱ ላይ ያለውን አራት ማዕዘን እንጂ ቀለበቱን እንዳታይም ትነግራታለች። ኳሱ ገባ አልገባ፣ ልጅቷ ስህተቷ የት እንደነበረ አውቃ ወደ ሰልፉ ትመለሳለች። ተዳክሞ ለቆየ ቡድን የሚያስፈልገው ይህች ሁለተኛዋ ናት፤ ምክንያቱም የተዳከመ ቡድን በአብዛኛው የተሠራው ከእንዲህ ያሉ ተጫዋቾች ነው።

ልምምዱ ሲያበቃ ተጫዋቾቹ ስማቸውን ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት «ነገም ይህ ሰው ቢያሠለጥንሽ ትመጫለሽ?» ለሚለው ጥያቄ ይመልሱ። መልሳቸው ብቻውን አይወስንም፤ ነገር ግን ከ12ቱ ዘጠኙ አልመጣም ካሉ ኮሚቴው ምክንያታቸውን መስማት አለበት።

ማስረጃና ጥሪ

የምስክር ወረቀቶች ሲታዩ ሁለት ነገር ይለይ። አንደኛ፣ ወረቀቱ የቅርጫት ኳስ ነው ወይስ የሌላ ስፖርት? ሁለተኛ፣ ተፈትኖ የተገኘ የብቃት ማረጋገጫ ነው ወይስ ለተገኘ ሁሉ የሚታደል የተሳትፎ ወረቀት? የቀድሞ መሥሪያ ቤት ሲደወልም ስለ ዋንጫ ከመጠየቅ ይልቅ በዓመቱ መጀመሪያ ስንት ተጫዋቾች እንደነበሩና በመጨረሻው ስንት እንደቀሩ መጠየቅ ይሻላል። ስልኩን ያነሳው ሰው ቁጥሩን ሳያስብ ከተናገረ ጥሩ ነው፤ «ጥሩ ሰው ነው» ብሎ ዝም ካለ ሌላ ሰው ይፈለግ።

ለየትኛው ቡድን የትኛው አሠልጣኝ

መዝገቡ የመሠረታዊ ችሎታ ችግር ካሳየ፣ በየቀኑ የሚገኝ የኮሌጁ መምህር ወይም የቀድሞ ተጫዋች ከውጭ ከሚመጣው ይሻላል። ችግሩ የተጫዋቾች መፍለስ ከሆነ የቀድሞዋ ተጫዋች ትቀድማለች። ቡድኑ በጥቂት ነጥብ እየተሸነፈ ከሆነና ቢያንስ አሥር ጠንካራ ተጫዋቾች ካሉት፣ የውጭው አሠልጣኝ ወጪው ሊያዋጣ ይችላል፤ ያም ቢሆን በከተማው ቤት ይዞ ለመኖር ከተስማማ ነው።

በጀቱ ለሙሉ ጊዜ የውጭ አሠልጣኝ የማይበቃ ከሆነ፣ እኔ የምመርጠው ቅይጡን መንገድ ነው። የአካባቢዋ ሰው ዋና አሠልጣኝ ሆና በየቀኑ ትሠራለች፤ ልምድ ያለው የውጭ አሠልጣኝ ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያና በሁለተኛው ሴሚስተር መግቢያ ለአሥር አሥር ቀን ይመጣል፣ ከእርሷ ጋር ዕቅድ ያወጣል፣ በቀሩት ወራት የጨዋታ ቪዲዮ ተልኮለት በስልክ ይመክራል። ለቤት ኪራይና ለወርሃዊ ደመወዝ ይወጣ የነበረው ገንዘብ በዚህ መንገድ ቁጥር 6 ኳሶችን፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ቦርሳንና የወዳጅነት ጨዋታ ትራንስፖርትን ይሸፍናል።

ውል

የመጀመሪያው ዓመት ግብ በድል ብዛት አይጻፍ። ተጋጣሚው ማን እንደሚሆን አሠልጣኙ አይወስንም፤ በግንቦት ስንት ተጫዋች በቡድኑ እንደሚኖር፣ በየጨዋታው ስንት ኳስ በስህተት እንደሚጠፋና ስንት ተጫዋቾች ሜዳ እንደሚገቡ ግን በአብዛኛው በእርሱ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። የልምምድ ቀናትና ሰዓታት፣ የጥበቃ ሕጎቹ፣ የማስተማር ጫና ቅነሳውና የሜዳው ድልድል በውሉ ወይም በአባሪው ይካተቱ።

የግል ኮሌጆች በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለሚተዳደሩ የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም ሊበልጥ አይችልም። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራ ይህ አሥር ሳምንት ነው። ኮሌጁ በሐምሌ ቀጥሮ ተማሪዎቹ በጥቅምት ከገቡ፣ የሙከራ ጊዜው አንድም ልምምድ ሳይታይ ያልቃል። በመንግሥት ኮሌጅ የሚመደብ መምህር የሚመራው በሲቪል ሰርቪስ ደንብ ስለሆነ፣ ተደራቢ ኃላፊነቱና አበሉ ከሰው ሀብት ክፍል ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ በደብዳቤ ይሰጠው። የምርጫው ሥራ በግንቦት ተጀምሮ፣ ተጫዋቾቹ ለክረምት ሳይበተኑ የሙከራ ልምምዱ ቢጠናቀቅ፣ የሥራው መጀመሪያ ቀን ደግሞ ምዝገባ በሚጀመርበት ሳምንት ላይ ቢውል፣ ኮሚቴው በሙከራ ጊዜው ውስጥ ሙሉ የልምምድ ወራትንና ጥቂት ጨዋታዎችን አይቶ ይወስናል። ሁለተኛ የወጣው እጩ አድራሻም እስከዚያ ድረስ ከፋይሉ አይውጣ።